ጃፓኑ ሲያስጎበኘን

ስሙን አልጽፈውም። ብጽፈውም የሚረባ ነገር የለም፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በስሙ የሚያውቀው ሰው ጠፍቷል። «ጃፓኑ» ያላችሁ እንደሆነ ግን ያገኛችሁት ባጃጅ ሁሉ እናቱ ደጃፍ ድረስ ያደርሳችኋል። ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተጋፍተን ከተማርነው አራት ጓደኛሞች ባሕር የተሻገረው እሱ ብቻ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው፣ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ በሚኖርበት ወረዳ ተከራይቶ ይኖራል። ምሳ በሳጥን እያሸገ ለሱቆች የሚያከፋፍል ፋብሪካ ውስጥ ሩዝ ይሰፍራል። ሩዝ መስፈሩን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። ቢስቲማ ያሉት ዘመዶቼ ቶዮታን የሚገጣጥማት እሱ ይመስላቸዋል፤ እኔም አርሜያቸው አላውቅም።

በ2011 ጥር ላይ ለአንድ ወር ዕረፍት መጣ። በመጣበት ማታ ስልኩን አወጣና፣ ባለፈው ዓመት ከሦስት ሐበሻ ጓደኞቹ ጋር በአምስት ቀን ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ የዞሩትን ያሳየን ጀመር። ሺቡያ የሚባለውን መሻገሪያ አየን፤ አረንጓዴ በበራ ቁጥር እስከ 3000 ሰው ባንድ ጊዜ ይሻገርበታል ይባላል፣ ሆኖም አንዱ ካንዱ ሲላተም አይታይም። ኪዮቶን አየን፤ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሥ መናገሻ የነበረች ከተማ ናት፣ ፉሺሚ ኢናሪ በተባለው መቅደሷ ተራራውን ሽቅብ የሚወጡ ቀያይ በሮች በሺህ ይቆጠራሉ። ናራ ላይ ብስኩት ለሚሰጣቸው ሰው አንገታቸውን ደፍተው እጅ የሚነሱ አጋዘኖች አሉ። በፎቶው ሁሉ አራቱ ጓደኛሞች ሁለት ሁለት ጣታቸውን ቀስረው ቆመዋል።

«ድል ያደረጋችሁት ማንን ነው?» አለ መምህሩ። ከአራታችን አንዱ የታሪክ መምህር ነው፤ ማስረጃ ሳይጠይቅ ሻይ አይጠጣም።

ጃፓኑ አልሰማውም። እሱን የማረከው ከተማው ሳይሆን ሰዓቱ ነበር። «ከቶኪዮ ኦሳካ 515 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል! ሻይህ ሳይቀዘቅዝ!» እኛ በልባችን አሰላን። ከደሴ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ተኩል የተጓዘ ሰው ዕድለኛ ከሆነ ከሚሴን አልፎ ካራቆሬ ላይ ሻይ ያዛል። «በ2010 ኅዳር ላይ» ብሎ ቀጠለ፣ «አንድ ባቡር ከሰዓቱ 20 ሰከንድ ቀድሞ ስለተነሳ ድርጅቱ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ።»

«ዘግይቶ?» አለ ባለ ቪትዙ።

«ቀድሞ!»

ባለ ቪትዙ አራተኛችን ነው፤ በወጣትነቱ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ነገሩን ብዙ አሰበበት። መኪና የሚነሳው ሲሞላ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ከመሙላቱ በፊት ቀድሞ የተነሳን ሾፌር ይቅርታ ማስጠየቅ ሳይሆን ሐኪም ማሳየት ነው ያለበት።

በማግስቱ ጃፓኑ አንድ ወረቀት በላስቲክ አስለብጦ ለየራሳችን አደለን። «አገራችንን በጃፓን ወግ እንጎበኛለን» አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ እኔ የተወለድኩባት ቢስቲማ፣ ከዚያ ተመልሶ ኮምቦልቻ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። መነሻ 08:15 ይላል። ደሴ 09:02። ሐይቅ ላይ 50 ደቂቃ፣ ቢስቲማ ላይ 30 ደቂቃ። በቢስቲማው ሳጥን ውስጥ በትንንሽ ፊደል «የአክስት ሰላምታ፦ 4 ደቂቃ» የሚል አነበብኩ።

«አራት ደቂቃ አይበቃትም» አልኩት።

«አምስት አደርገዋለሁ፣ ግን ከፎቶው ላይ ይቀነሳል።»

በቀጠሮው ጧት ሦስታችን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በሬ ላይ ቆመን ጠበቅን። ቪትዟ የለችም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ስንደውል የደወልንለትን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት እንደማንችል ሴትየዋ ነገረችን። ጃፓኑ ወረቀቱን እያየ ጣቶቹን ይሰብራል። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ በላን። ተስፋ ቆርጠን የቤቱን በር ከዘጋን በኋላ ጡሩምባ ሰማን። ባለ ቪትዙ መኪናውን አሳጥቦ፣ ራሱም ታጥቦ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሽቶ ተቀብቶ ቆሟል። የእጅ ሰዓቱን ወደ ጃፓኑ አፍንጫ ዘረጋለት።

«ስምንት ከሩብ! እንካ እየው፣ ሰከንዷን እንኳ አላሳለፍኳትም!»

ጃፓኑ ሰዓቱን በጃፓን አቆጣጠር ጽፎት ኖሯል። ከጧቱ ሁለት ከሩብ ማለቱ ነው። ባለ ቪትዙ ደግሞ ስምንት ከሩብ የተባለውን ስምንት ከሩብ ብሎ አነበበ፣ ሰው እንደሚያነበው። ጃፓኑ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አገሩ ከገባ በኋላ በሰዓቱ ሲደርስ ያየው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

የቪትዟን ነገር እዚህ ላይ መንገር አለብኝ። ጃፓን ተሠርታ፣ ጃፓን ተነድታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ኮምቦልቻ የገባች መኪና ናት። ቁልፉ በተጠመዘዘ ቁጥር ከመሪው ሥር ደወል ቢጤ ይሰማና፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት በለሰለሰ ድምፅ የሆነ ነገር ተናግራ ዝም ትላለች። ባለ ቪትዙ ሰባት ዓመት ሲነዳት ይህችን ሴት በየጧቱ ሰምቷታል። ነገሯ ባይገባውም መጨረሻው ላይ «ያሲን» የምትል ይመስለዋል። እናም ወግ ነውና «አሚን» ብሎ ማርሽ ያስገባል።

ያን ቀንም ቁልፉን ጠመዘዘ። ሴትየዋ ተናገረች። «አሚን» አለ።

ከኋላ ወንበር ጃፓኑ በሳቅ ተንከተከተ። «ያሲን አይደለም ወንድሜ! ኢማሴን ነው። የለም፣ አልተደረገም ማለት ነው። እዚያ ፈጣን መንገድ ላይ ክፍያው የሚቆረጠው መኪናው ውስጥ ከሚገባ ካርድ ነው። ካርድ አላስገባህም ነው የምትልህ።»

ባለ ቪትዙ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ሰባት ዓመት ሙሉ እየመረቀችው ነው የመሰለው፣ ለካ ዕዳ ስትጠይቀው ኖራለች። «በየጧቱ?» አለ። «በዒድ ቀንም?»

ከከተማው ሳንወጣ ጃፓኑ የባቡር ጣቢያችንን ፎቶ ላንሳ አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው በ2007 ሲጀመር እኛ ትኬት የት እንደሚሸጥ ጠይቀን ነበር። ጃፓኑ ሐዲዱን እያየ ስለ ሃቺኮ ነገረን። ሃቺኮ ሺቡያ ጣቢያ በር ላይ፣ የሞተ ጌታውን ከባቡር ይወርድልኛል ብሎ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን የጠበቀ ውሻ ነው። እዚያው ሐውልት ቆሞለታል፤ ቶኪዮ ውስጥ የሚቀጣጠር ሰው ሁሉ እሱ ሥር ይገናኛል። ያኔ በ2011 ሃቺኮ ገና በብዙ ይበልጠን ነበር። ይህን ስጽፍ ቆጥሬ ሳየው አልፈነዋል። ሐውልቱን አልጠይቅም፤ የጣቢያው ወንበር ብቻ ጥላ ቢደረግለት።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ግን ሐረጎ ነው። ሐረጎን ያልወጣ ሰው ወሎ ገባሁ አይበል። መንገዱ ተራራው ላይ እንደ መቀነት ይጠመጠማል። ከፊትህ ጭነት የበዛበት አይሱዙ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፣ ከኋላህ ጭሱን የሚምገው ሁሉ ይነፋብሃል፣ ታች የቦርከና ሜዳ እያነሰ ይሄዳል። ቪትዟ አራት ጎልማሳ ተሸክማ ስትወጣ እንደ ነፍሰ ጡር በየእጥፋቱ ትተነፍሳለች። በየእጥፋቱም ባለ ቪትዙ ወደ ዳሽቦርዱ ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ አሁንም ካርድ ትጠይቀው እንደሆነ።

«ጃፓን ውስጥ ኒኮ ከተባለ ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ መንገድ አለ» አለ ጃፓኑ። «አርባ ስምንት እጥፋት አለው። እያንዳንዱ እጥፋት በፊደላቸው ተሰይሟል። የጥንቱ ፊደላቸውም አርባ ስምንት ነው፤ ገጠመላቸው።»

መምህሩ ወዲያው ቀና አለ። «የኛ 231 ነው። ሐረጎን ጨርሶ ለጣርማበር ይተርፋል።» ከዚያ ወዲያ መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ከ«ሀ» ሲጀምር ሌላው ያቺማ እጥፋት ሳትሆን ጎበጥ ያለች ናት እያለ፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን ለየብቻ እንቁጠር አንቁጠር ላይ ተጣልተው፣ ደሴ ስንገባ «ሰ» ላይ ነበሩ።

ደሴ ላይ መሸብን። በወረቀቱ መሠረት በዚያ ሰዓት ጉብኝቱ አልቆ ኮምቦልቻ እግራችንን ታጥበን መተኛት ነበረብን። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ከደጅ አየነው፤ ተዘግቶ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሃይማኖት ሳይለይ ግብር ሲበላበት የኖረ አዳራሽ ለኛ ሲሆን ጊዜ ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ጃፓኑ በሩ ላይ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ተነሳና «ታየ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ጦሳ ተራራንም ከመኪናው መስኮት «ታየ» አለው። ጦሳ እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።

ማታ መምህሩ ቤት አደርን። ያን ሌሊት ጃፓኑ ስለ ፈጣኑ ባቡር አንድ ጊዜ ሲያበዛው መምህሩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ስማ፣ ያ ባቡርህ ሥራ የጀመረው መስከረም 21 ቀን 1957 ነው። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን የሮጠው ጥቅምት 11 ነው። የቀደመው በሃያ ቀን ብቻ ነው! አበበ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ፣ ሣር ላይ ጂምናስቲክ ሠራ። ሁለተኛው እስኪመጣ አራት ደቂቃ ነው የጠበቀው። ባንዱ የኛን መዝሙር ስላላወቀው የራሱን መታ። አንተ ትናንት ሄደህ አትንገረን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ጃፓን ደርሰው መጥተው መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን። አንተ ምን ጻፍክ?»

ጃፓኑ አልጋው ላይ ሆኖ በላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት ወደ ላይ አነሳ።

በማግስቱ ሐይቅ ደረስን። እስጢፋኖስ ገዳም ለወንድ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ በዚህ ረገድ ችግር አልነበረብንም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። መምህሩ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤ ጫማውን ካወለቀ በኋላ ከጃፓኑ ጋር መጨቃጨቅ ተወ። ሐይቁ ረግቶ ተኝቷል። ጃፓኑ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሰዓቱን አላየም።

እሱን የፈተነው ዓሣው ነው። ሐይቁ ዳር በድስት ዘይት አፍልታ ዓሣ የምትጠብስ አንዲት ሴት ጋ ተቀመጥን። ጅራቱ ከሰሐን ያለፈ፣ ጎን ጎኑ በቢላ የተሸነሸነ፣ የሚንጣጣ ዓሣ በእንጀራ ላይ አቀረበችልን፤ ዳጣም ጨመረችበት። ጃፓኑ በሁለት ጣቱ እየቆረሰ ስለ ሱሺ ይነግራት ገባ። ኦሳካ ላይ አንድ ትንሽ ጉርሻ ሩዝ፣ በላዩ ጥሬ ዓሣ፣ ስንት ብር እንደሆነ ነገራት።

«ሳይጠበስ?» አለች።

«ሳይጠበስ።»

ሴትየዋ ማገዶዋን አንዴ፣ ጃፓኑን አንዴ አየች። «እንጨት አጥተው ነው?»

«ኧረ አላጡም እትዬ፣ ደስ ብሏቸው ነው።»

«ይቅር በላቸው» አለችና የጃፓኑን ዓሣ ወስዳ አንዴ ደግማ ጠበሰችው።

ከሐይቅ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ አፋር ቆላ የሚያዘቀዝቀው መንገድ ላይ ናት ቢስቲማ፤ የወረባቦ ወረዳ ከተማ። ለጎብኚ የሚታይ ሐውልት የላትም። ጃፓኑም ወረቀቱ ላይ «ቢስቲማ፦ የአየር ሁኔታ፣ አጠቃላይ እይታ» ብሎ ነበር የጻፈው። ከመኪና ወርደን ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጎብኚዎቹ እነሱ፣ የሚጎበኘው እሱ ሆነ።

አክስቴ ደጃፏ ላይ ያዘችን። እኔን ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ፣ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሟ፣ ባለፈው ክረምት ስለ ሞተው ጎረቤት ጠየቀች። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ወደ ጃፓኑ ዞራ ከመጀመሪያው ጀመረች። «አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን ከረምክ ልጀ፣ አገሩ ደህና ነው? ሰዉ ደህና ነው? ከብቱስ?» የጃፓን ከብት ደህና መሆኑን ጃፓኑ አረጋገጠላት። አራቷ ደቂቃ አልቃ፣ አምስቷም አልቃ፣ እኛ ገና ውጭ ነን።

ልንገባ ስንል ጃፓኑ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈታ፣ «እማ፣ ጃፓኖች ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ» አለ እንደ ምሥጢር።

«እኛስ ማን በጫማ ገብቶ ያውቃል?» አለች።

ሣር ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። አክስቴ ቡናውን አጥባ እስክትቆላ፣ ቆልታ በየተራ እስክታሸትተን፣ ወቅጣ ጀበናው ላይ እስክትጥደው ድረስ ጃፓኑ ኪዮቶ ላይ ገንዘብ ከፍሎ ስለገባበት የሻይ ሥርዓት አወራ። በጉልበት ተንበርክኮ መቀመጥ ነው፤ እግሩ እስኪደነዝዝ። ሴትየዋ ዱቄት የመሰለ አረንጓዴ ሻይ በቀርከሃ መምቻ ትመታለች፤ ማንም አያወራም። ጣሳው በሁለት እጅ ይያዛል፣ ዞር ዞር ይደረጋል፣ ይጠጣል።

«ለምን ያዞሩታል?» አለች አክስቴ።

«ፊት ለፊቱ የተዋበው ጎኑ ስለሆነ በዚያ በኩል መጠጣት ነውር ነው።»

ይህን ወደደችው። «ጨዋዎች ናቸው። ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛ የለም። አንድ ነው።»

ማማሰሏን አቆመች። «አቦሉን ጠጥቶ ይሄዳል? ቶናውን ሳይጠጣ? በረካውን ሳይጠጣ?»

«አዎ።»

«ምስኪን» አለች። ማንን እንደሆነ እንጃ፤ ጃፓንን ሁሉ ይመስለኛል። ከዚያም ወደ ጃፓኑ በቁጣ ዞረች። «አንተ እዚህ ቤት በረካ ሳትጠጣ አትነሳም።» እሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዳግመኛ አላወጣውም።

በቶናው ላይ ቤቱ ሞላ። ቶዮታን የሚሠራው ልጅ መጣ ተብሎ ተወርቷል። አንድ ሸህ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡና በክብር ፈቱት፤ አሮጌ ናሽናል ሬዲዮ ነው። «የእናንተው አገር ናት። ከረመዳን ወዲህ ዝም ብላብኛለች» አሉት። ጃፓኑ ሩዝ ሰፋሪ ነው፤ ሬዲዮ ከፍቶ አያውቅም። ላብ አጠመቀው። እኔን አየኝ፣ እኔ ስኒዬን አየሁ። የባትሪውን ክዳን ሲከፍተው ከአራቱ ድንጋይ አንዱ ተገልብጦ ገብቷል። አቀናው። ሬዲዮው ሳል አለውና ዘፈን ጀመረ።

ሸህ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ልበላችሁ፤ ባትሪ ይዞ የመጣ አለ፣ የተሰበረ መነጽር ይዞ የመጣ አለ፣ ሁለት ጎረምሶች ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ከነጠረጴዛዋ ተሸክመው ገቡ።

«ይቺ እኮ የአሜሪካ ናት» አላቸው ጃፓኑ ልመና በሚመስል ድምፅ።

«ያው ከውጭ አይደል!» አሉት።

ስንነሳ ጨልሟል። በጃፓን ወግ ሠላሳ ደቂቃ የተመደበላት ቢስቲማ አራት ሰዓት ተኩል ወስዳብናለች። መቀመጫው ላይ አንድ ጆንያ በቆሎ፣ አንድ ጀሪካን ማር፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ተጭኖብናል። ይህም እንዳይበቃ ሐይቅ ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ አንዲት የአክስቴ ጎረቤት፣ አሮጊት፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሦስታችን ከኋላ ከዶሮዋ ጋር ታጨቅን።

ባለ ቪትዙ ቁልፉን ጠመዘዘ። ደወሏ ተሰማች፤ ልጅቷም እንደ ልማዷ ተናገረች። ማንም አሚን አላለም።

«ማነች እሷ?» አሉ አሮጊቷ፣ ዞር ዞር እያሉ።

«መኪናዋ ናት እማ» አለ ባለ ቪትዙ።

«ምን ትላለች?»

ዝም ተባለ። በመጨረሻ ጃፓኑ ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ሆኖ፣ «ካርድ አልሰጣችሁኝም ነው የምትል እማ። ለመንገድ የሚከፈል ነው» አለ።

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሰባት ዓመት» አለ ባለ ቪትዙ።

አሮጊቷ አንዴ እሱን አንዴ እኛን በየተራ አዩን፤ አራት ጎልማሳ። ከዚያ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው፣ ከውስጡ የታጠፈች አሥር ብር አወጡ። ድምፁ ከየት እንደመጣ በጣታቸው እየዳበሱ ፈለጉና ከመሪው ጎን ባለችው ስንጥቅ ሰካ አደረጓት።

«በይ እንግዲህ፣ ልጀ» አሏት።